አውጫጭኝ በስምንተኛ ክፍል፦ ግራመርን፣ ዘይቤንና ልብ ወለድን በሁለት ሳምንት መከለስ

ብላክቦርዱ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ «አስቴር ሴድ አይ አም ሲክ»። ትእምርተ ጥቅስ አላደረግኩበትም። ወደ ክፍሉ ዞሬ «ማን ነው የታመመው?» ብዬ ጠየቅኩ። ስልሳ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ባንድ አፍ «አስቴር!» አሉ። «አይደለም፣ የታመምኩት እኔ ነኝ» ስላቸው ሳቁብኝ።

ልጆቹ አልተሳሳቱም። ማለቴ፣ በአማርኛ አልተሳሳቱም። «አስቴር አመመኝ አለች» ሲባል የታመመችው አስቴር መሆኗን የደብረ ሲና ቆሎ ሻጭም፣ ሽንኩርት ጭኖ ከሸዋ ሮቢት የሚወጣው የአይሱዙ ሾፌርም ያውቃል። እንግሊዝኛ ግን ጥቅሱ ከሌለ «አይ» የሚለውን ቃል ለሚናገረው ሰው ነው የሚሰጠው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ክለሳ የምለው መጽሐፉን ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ በጥድፊያ መድገምን ነበር። ሚኒስትሪ የምንለው የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቴንሶቹን በሙሉ በሰንጠረዥ አስገለብጣለሁ። ልጆቹም በሁለት ቀለም እስክሪብቶ ይገለብጣሉ። ደብተሩ ያምራል፤ ስህተቱ ግን እንዳለ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ይሻገራል። እዚያ ደግሞ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው የሚጠብቃቸው።

ዘዴውን የቀየርኩት ከአገር ቤት ወግ ተበድሬ ነው። ድሮ ቤት ሲቃጠል ወይም ከብት ሲሰረቅ፣ ጥፋተኛውም ካልታወቀ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር። ነገሩ ተጣርቶ እስኪወጣ ድረስ ወደ ሥራው መመለስ የለም። ይህ ነው አውጫጭኝ፤ አፈርሳታም ይባላል። ለክለሳ የሚስማማ ሆኖ ያገኘሁት አንድ ጥፋት ይዞ ስለሚነሳና ሁሉንም ሰው ስለሚያስቀምጥ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ልጆች ጋር የሠራሁበትን ነው።

ደረጃ 1፦ ጥፋቱን ከልጆቹ እጅ መልቀም

ክለሳው ከመጀመሩ ሦስት አራት ቀን አስቀድመው አንድ አንቀጽ ያጽፏቸው። ርዕሱ የሚያውቁት ይሁን። እኔ «ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ የምታዩትን ጻፉ» እላለሁ። መንገዱን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ከላይ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው አርማንያን አልፎ ሮቢት ሲገባ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። ሊጻፍ የሚችል ነገር ሞልቷል፤ ማሽላው፣ ማሾው፣ ማንጎው፣ ግመሉ።

ማርክ እንደሌለው አስቀድመው ይንገሯቸው። ማርክ ካለው ልጁ የሚተማመንባትን አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፎ ያመልጣል። ማርክ ከሌለው ይደፍራል፤ ስህተቱም ይወጣል።

ወረቀቱን ሲሰበስቡ ቀይ እስክሪብቶውን አያንሱ። በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ አምዶች አስምረው አንድ ስህተት ባገኙ ቁጥር አንድ ጭረት ይጫሩ። የእኔ አምዶች እነዚህ ናቸው፦ የጠፋ ባለቤት፣ ከግሱ ላይ የቀረች «ኤስ»፣ ያለ ቦታው የገባ ጊዜ፣ መስተዋድድ፣ አርቲክል፣ የሰው ንግግር። ወረቀቶቹን ሲያነቧቸው ስልሳ ዓይነት ስህተት ያለ ይመስላል። ጭረቱ ሲቆጠር ግን ያው አምስት ስድስቱ ናቸው እየተመላለሱ የሚመጡት። የሚከለሰውም እሱ ነው፤ ሌላው ይቅር።

በቅርብ ዓመታት በአካባቢያችን ትምህርት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ አንባቢ ያውቀዋል። አንዱ ልጅ ስድስተኛ ክፍልን በወጉ ጨርሷል፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ግማሹን ዓመት ከቀዬዋ ተፈናቅላ ነው ያሳለፈችው። «ይህን አምና ተምራችኋል» የሚለውን ንግግር ከአፌ ያወጣሁት ለዚህ ነው። ጭረቶቹ ማን ምን እንደጎደለው ይናገራሉ፤ መውቀስ አያስፈልግም።

ደረጃ 2፦ ክፍለ ጊዜውን መደልደል

አሥር ፔሬድ ካለዎት አራቱን ለግራመር፣ ሦስቱን ለዘይቤ፣ ሁለቱን ለልብ ወለድ፣ የመጨረሻዋን ለመለማመጃ ፈተና ያድርጉ። ብዙ አስተማሪ ስምንቱን ለግራመር ይሰጣል። እኔ አላደርገውም፤ ዘይቤውና ልብ ወለዱ ውስጥ ግራመሩ ራሱ ተመልሶ ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ግራመርን ሜዳ ላይ ማውጣት

ከወረቀቶቹ አንድ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ይምረጡና ስም ሳይጠሩ ብላክቦርዱ ላይ ይጻፉ። አንድ ብቻ። ልጆቹ በየቡድናቸው ተቀምጠው ሦስት ጥያቄ ይመልሱ። ጥፋቱ የትኛው ቃል ላይ ነው? እንዴት ብንለው ይቃናል? በአማርኛ ብንለው ኖሮ እንዴት እንል ነበር? ሦስተኛውን ጥያቄ እንዳይዘሉት። እኛ ክፍል የሚሠራው ስህተት አብዛኛው ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ልጁ አማርኛውን በትክክል ያውቃል፣ ያንኑ በእንግሊዝኛ ቃል ይደረድረዋል።

በሩ አጠገብ አንድ የብስኩት ካርቶን ያስቀምጡ፤ አናቱን በምላጭ ቀደድ ያድርጉት። በአውጫጭኝ ጊዜ በስውር የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ይባል ነበር። የእኛም ካርቶን ስሙ ወፍ ነው። እጅ ማውጣት የምታፍር ልጅ ያልገባትን ወይም ያገኘችውን ስህተት በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ታስገባለች፤ ስም አይጻፍም። በየማለዳው ከካርቶኑ የወጣውን አንብቤ ነው ትምህርት የምጀምረው። ደግሞም እንግሊዞች የነገራቸውን ሰው መደበቅ ሲፈልጉ «አንዲት ትንሽ ወፍ ነገረችኝ» ይላሉ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ዘይቤን ከወዲሁ ጀመርን ማለት ነው።

አሁን የአስቴርን ነገር ቀረብ ብለን እንየው፤ የሰው ንግግርን ማድረስ ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ከሁሉ የከበደው እሱ ነው። ሁለት ልጆች ያስነሱ። አንደኛዋ በሹክሹክታ «ነገ ሰንበቴ ገበያ እወርዳለሁ» ትበለው። እሱ በማግስቱ ለክፍሉ ያድርስ። በአማርኛ «ነገ ሰንበቴ ገበያ እወርዳለሁ አለች» ይላል፤ ቃሏን ከነጓዙ ይዞት መጣ ማለት ነው። «እወርዳለሁ» ውስጥ ያለችው «እ» አሁንም የእሷ ናት። አማርኛ ተናጋሪዋን ራሷን ክፍሉ ውስጥ አምጥቶ ያቆማታል።

እንግሊዝኛ ግን መልእክተኛውን ካለበት አያነቃንቀውም። ልጁ የቆመው እዚህ ነው፤ የሚያወራው ስለ እሷ ነው፤ የተነገረውም ትናንት ነው። ስለዚህ ብላክቦርዱ ላይ ሦስት ቀስት ያስምሩ። የመጀመሪያው ከ«አይ» ወደ «ሺ»። ሁለተኛው ከ«ዊል» ወደ «ዉድ»። ሦስተኛው ከ«ቱሞሮ» ወደ «ዘ ኔክስት ዴይ»። ሦስቱ ቀስቶች የሚመልሱት ሦስት ጥያቄ ነው፦ ማን? መቼ ተባለ? ከየትኛው ቀን ተቆጥሮ? ልጁ «ሴድ» የሚለውን ቃል ባየ ቁጥር እነዚህን ሦስት ቀስቶች በእርሳስ ያስምር። የመጀመሪያው ቀን ላይ ይንቀራፈፋል፤ በሦስተኛው ቀን ቀስቱን ትቶ በቃሉ ይለዋል። ሰንጠረዥ አስገልብጬ ያንን አግኝቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ «ሃቭ» ነው። በአማርኛ «ትናንት ደብረ ብርሃን ሄጃለሁ» ማለት ነውር የለውም። ልጁም «አይ ሃቭ ጎን ቱ ደብረ ብርሃን የስተርዴይ» ብሎ ይጽፋል። «ሄጃለሁ» ለ«ሃቭ ጎን» የቀረበ ነው፤ ነገር ግን የእንግሊዝኛው «ሃቭ» ያለፈና የተዘጋ ቀን ሲጠራበት አይወድም። ብላክቦርዱን ለሁለት ከፍለው በግራ «የስተርዴይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ኢን 2015»፤ በቀኝ «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ»፣ «ኤቨር»፣ «የት» ብለው ይጻፉ። በግራ ካሉት ጋር «ሃቭ» አይገጥምም፤ በቀኝ ካሉት ጋር ይገጥማል። ልጆቹ ስለ ራሳቸው አምስት አምስት ዓረፍተ ነገር ይሥሩ። «ኤቨር» ያለበትን ጥያቄ ሲጠያየቁ ክፍሉ ይደምቃል፤ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ፣ በአውሮፕላን ሄደህ ታውቃለህ፣ በጣርማበር ዋሻ ውስጥ በእግርህ አልፈህ ታውቃለህ። ዋሻውን የቆፈሩት ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ነው። እሱን ስታወራ ያለፈውን ጊዜ ግስ ትጠቀማለህ፤ አንተ አልፈህበት እንደሆነ ስትጠየቅ ግን «ሃቭ» ይመጣል። ልዩነቱን በአንድ ዋሻ አስተማርኩ።

መስተዋድድ ላይ ጊዜ አላባክንም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኛል። «በሚያዝያ ወር፣ በሰኞ ዕለት፣ በሁለት ሰዓት፣ በአውቶቡስ፣ በደብረ ሲና በኩል አለፍን።» አንዷ «በ» ናት ሁሉንም የተሸከመችው። በእንግሊዝኛ ለወሩ «ኢን»፣ ለቀኑ «ኦን»፣ ለሰዓቱ «አት»፣ ለመኪናው «ባይ»፣ ለማለፊያው «ስሩ» ይሆናሉ። ልጆቹ ዓረፍተ ነገሯን ደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ ይጻፏትና በየ«በ»ዋ አናት ላይ የእንግሊዝኛውን ያስቀምጡ። በዚያው «ሁለት ሰዓት» የሚለውን «ቱ ኦክሎክ» ብለው የተረጎሙትን ይያዟቸው፤ በእንግሊዝኛ ሰዓቱ ስምንት ነው።

የቀረውን በጥቂቱ። ባለቤት የሚጠፋው በአማርኛ «ይዘንባል» ሲባል ባለቤቱ «ይ» ውስጥ ስላለ ነው፤ «ኢዝ ሬይኒንግ» ብሎ የጻፈውን «ይ»ው የት ሄደ ብለው ይጠይቁት፣ «ኢት»ን ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ተደራጊ ግስ ደግሞ አማርኛ የሚያግዝበት ቦታ ነው፤ ሰበረና ተሰበረን የሚለይ ልጅ እንግሊዝኛው በ«ተ» ፋንታ «ዋዝ» እንደሚያመጣና ግሱን ወደ ሦስተኛው ቅርጹ እንደሚለውጠው ብቻ ነው የሚቀረው። አርቲክል ላይ በሁለት ሳምንት ተአምር አይጠብቁ።

ደረጃ 4፦ ዘይቤን ከጉሙ መጀመር

ዘይቤ ሲነሳ ሰምና ወርቅ የማይጠራ አስተማሪ የለም። እኔ ከዚያ አልነሳም። ቅኔ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ በአማርኛም ከባድ ነው፤ በከባድ ነገር ከባድ ነገር አይገለጽም። ደብረ ሲና ላይ ከሆኑ መስኮቱን ይክፈቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉሙ እዚያው አለ።

አንድ ነገር ይዞ በአራት ዘይቤ መናገር ነው ጨዋታው። በመጀመሪያ በአማርኛ። «ጉሙ ከተማዋን እንደ ጋቢ ሸፈናት» ሲሉ አነጻጻሪ ነው፤ «እንደ» አለበት። «ጉሙ የደብረ ሲና ጋቢ ነው» ሲሉ ተለዋጭ ይሆናል፤ «እንደ»ው ወጥቶ አንዱ ሌላውን ሆነ። «ጉሙ ጣርማበር ላይ ተኝቷል» ሰውኛ ነው። «ጉሙ ከመክበዱ የተነሳ በቢላ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት» ያለው ልጅ ግነትን አሳይቷል፤ ለዚያች ዓረፍተ ነገር ያን ቀን አጨበጨብንለት። አራቱም ስሞች ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ ያውቋቸዋል። የእንግሊዝኛው አስተማሪ ሥራ «ሲሚሊ፣ ሜታፎር፣ ፐርሶኒፊኬሽን፣ ሃይፐርቦሊ» የሚሉትን ስሞች በሚያውቁት ላይ መለጠፍ ነው።

ቀጥሎ አራቱን ወደ እንግሊዝኛ ያምጡ። «ዘ ፎግ ኮቨርድ ዘ ታውን ላይክ አ ጋቢ»፤ «ዘ ፎግ ኢዝ ዘ ታውንስ ጋቢ»፤ «ዘ ፎግ ኢዝ ስሊፒንግ ኦን ጣርማበር»። ጋቢ የሚለውን ቃል አይተርጉሙት። ሮቢት ላይ የሚያስተምሩ ደግሞ በጉሙ ፋንታ ፀሐይን ይውሰዱ፤ እዚያ «አናት የሚበሳ» ያላሉት ፀሐይ የለም፤ ያው ግነት ነው።

አሁን ወጥመዱ። ልጆች «ላይክ» የሚለውን ቃል ባዩበት ሁሉ «ሲሚሊ» ብለው ያከብባሉ። «አይ ላይክ ማንጎ» ላይ ንጽጽር የለም፤ ማንጎ መውደድ ብቻ ነው። «ሺ ሉክስ ላይክ ሀር ማዘር» ላይም «ላይክ» አለ፤ ግን ልጅ እናቷን መምሰሏ ዘይቤ አይደለም፣ እውነት ነው። ዘይቤ የሚሆነው ሁለቱ ነገሮች በዓይነታቸው ሲራራቁ ነው፤ ጉምና ጋቢ፣ ሰውና አንበሳ። አሥር «ላይክ» እና «አዝ» ያለባቸው ዓረፍተ ነገሮች አዘጋጅተው ግማሹ ብቻ ዘይቤ እንዲሆን ያድርጉ። በጣም የሚከራከሩበት ሰዓት ይህ ነው፤ አይቁረጧቸው።

ፈሊጣዊ አነጋገር ለብቻው አንድ ሙሉ ፔሬድ ይገባዋል። እዚህ ላይ የደብረ ሲና ልጅ ሊኮራበት የሚገባ ነገር አለ። ደራሲው ዳኛቸው ወርቁ ደብረ ሲና ነው የተወለደው። ከአምሳሉ አክሊሉ ጋር ሆኖ «የአማርኛ ፈሊጦች» የሚል መጽሐፍ አዘጋጅቷል። መጽሐፉን ካገኙ ክፍል ይዘውት ይግቡ፤ ካላገኙም ልጆቹ ከቤታቸው አምስት አምስት ፈሊጥ ለቅመው እንዲመጡ ያድርጉ፤ አያቶች ጋ አይጠፋም።

ከዚያ ደብተሩን ለሦስት አምድ ያስከፍሉ። በመጀመሪያው አምድ የአማርኛው ፈሊጥ፣ በሁለተኛው ቃል በቃል የተገለበጠው እንግሊዝኛ፣ በሦስተኛው እንግሊዞች በእርግጥ የሚሉት ይጻፋል። «ጉንፋን ያዘኝ» የሚለውን ቃል በቃል ስናደርገው «አ ኮልድ ኮት ሚ» ይሆናል። እንግሊዙ ግን «አይ ኮት አ ኮልድ» ነው የሚለው። ግሱ አንድ ነው፤ አሳዳጁና ተሳዳጁ ብቻ ቦታ ተለዋወጡ። እኛ ጋ ጉንፋኑ ሰውየውን ይይዛል፤ እነሱ ጋ ሰውየው ጉንፋኑን። አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ታዲያ ለምን አይለቀውም?» ብሎኛል። «ሆደ ሰፊ» በሁለተኛው አምድ «ዋይድ ስቶማክ» ሲሆን ክፍሉ ይሳቅ፤ ሦስተኛው አምድ ላይ «ፔሸንት» ይጻፍ። «ልቤ ተሰበረ» ግን በሁለቱም ቋንቋ ያው ነው፤ «ብሮክን ሃርት»። አንዳንዱ ይገጥማል፣ ብዙው አይገጥምም፤ ልጁ ከሦስተኛው አምድ ሳያረጋግጥ በድርሰት ውስጥ እንዳያስገባው ይንገሩት።

ሁለተኛውን አምድ «ስህተት ያስተምራል» ብለው የሚቃወሙ ባልደረቦች አሉኝ። ስህተቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ፤ እኔ ወረቀት ላይ አወጣሁት እንጂ አልተከልኩትም።

ደረጃ 5፦ አንድ ልብ ወለድ፣ አንድ ቅጂ

የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ስልሳ ቅጂ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ያለው አስተማሪ ይህን ክፍል ይዝለለው። ለሌሎቻችን አንድ ቅጂ ይበቃል፤ ምርጫው ግን ይታሰብበት።

የእኔ ምርጫ የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ» ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ የታተመ አጠር ያለ ልብ ወለድ ነው። ናማጋ የሚባል ሰው ጎጆ ይቃጠላል፤ የጉራጌ መንደሮች ሰዎችም ያቃጠለውን ለማግኘት ለአፈርሳታ ይሰበሰባሉ። እንግሊዝኛው ቀለል ያለ ነው፤ «ማነው ያቃጠለው?» የሚለው ጥያቄም ገጹን ያስገልጣል። አውጫጭኝ ስንል የከረምነውም ሲሰበሰብ ልጆቹ ከመጽሐፉ ውስጥ ያገኙታል።

የዳኛቸውን «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» ለዚህ ክፍል አልመርጥም። በ1973 እ.ኤ.አ. በዚያው ተከታታይ የወጣ፣ ራሱ በእንግሊዝኛ የጻፈው ነው። የታመሙት ፊታውራሪ ወልዱ ከልጆቻቸው ከጎይቶምና ከወይኒቱ ጋር ፈውስ ፍለጋ ዝቋላ ተራራ ይወጣሉ። የበሰለና የከበደ፣ ለአዋቂ የተጻፈ ነው። ግን ሽፋኑን አሳያቸዋለሁ። አንድ የደብረ ሲና ልጅ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጽፎ ለንደን ማሳተሙን ማወቅ ከማንኛውም የማበረታቻ ንግግር ይበልጥባቸዋል። በአማርኛ የጻፈው «አደፍርስ» ደግሞ በ1962 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን ታሪኩ በዚሁ በይፋት ምድር ነው። አስተማሪው ራሱ ክረምት ላይ ቢያነበው እላለሁ።

አንዷን ቅጂ እንዲህ ይጠቀሙባት። ለየቡድኑ አንድ ምዕራፍ ይስጡ። ቡድኑ በተራው መጽሐፉን ለሁለት ቀን ወስዶ ያነብና ምዕራፉን በእንግሊዝኛ በአምስት ዓረፍተ ነገር ያሳጥራል፤ ስድስተኛ ዓረፍተ ነገር አይፈቀድም። ይህ ከክለሳው ሦስት አራት ሳምንት ቀደም ብሎ መጀመር አለበት፤ አለበለዚያ አይደርስም። በክለሳው ሰዓት ቡድኖቹ በምዕራፉ ቅደም ተከተል እየወጡ ይተርካሉ። ሌላው ክፍል ያልገባውን ይጠይቃል፤ ምዕራፉን ያላነበበ ቡድን ወዲያው ይታወቃል። ትረካው በአሁን ጊዜ ግስ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ የልብ ወለድ ታሪክ ሲጠቃለል እንዲያ ነው ልማዱ። ያኔ ከሦስተኛ መደብ ግስ ላይ ስትቀር የከረመችው «ኤስ» በየዓረፍተ ነገሩ ታስፈልጋለች። ልብ ወለድ ያስተማርን መስሎን ግራመር ከለስን።

ከዚያ ወደ አላባዎቹ ይሂዱ። መቼት የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ አስተማሪ ነው፤ «መቼ» እና «የት» ተጋብተው የወለዱት ነው። «ሴቲንግ ምንድን ነው?» ሲባል ልጁ ሁለቱን ጥያቄ ከቃሉ ውስጥ ያወጣል። ገጸ ባሕርይን ስንከልስ «ደግ ነው፣ ክፉ ነው» የሚል መልስ ብቻውን አልቀበልም፤ ምን ሲያደርግ አየኸው እላለሁ፤ ገጹን ያሳየኝ።

ጭብጥ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ልጆች ጭብጥ ሲጠየቁ አንድ ቃል ይወረውራሉ፤ «ስርቆት»፣ «ፍትሕ»። ያ ርዕሰ ጉዳይ ነው። ጭብጥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል፤ መጽሐፉ ስለ ፍትሕ ምን አለ? የማሟያ ዘዴዬ ቀላል ነው። ልጁ የጻፈውን ቃል ብላክቦርዱ ላይ አድርጌ ከጎኑ «ሲሆን…» እጽፍና ጠመኔውን እሰጠዋለሁ። በአማርኛ ይጨርሰው፤ ከዚያ ቡድኑ ወደ እንግሊዝኛ ያምጣው። በመጀመሪያው ሙከራ ተረት ይመስላል፤ «ሌባ ይያዛል» ዓይነት። መጽሐፉ እንዲያ ይላል ወይ ብለው መልሰው ይጠይቁ።

በመጨረሻ ከመጽሐፉ ሁለት ሰዎች የተነጋገሩበትን ግማሽ ገጽ መርጠው ልጆቹ የሰው ንግግር አድርገው እንዲያደርሱት ይስጧቸው። ሦስቱ ቀስቶች እዚህ ተመልሰው ይመጣሉ። አስቴር ድናለች ወይስ አልዳነችም፣ የሚታየው በዚህ ነው።

ቅጂው ጭራሽ ከሌለስ? የአማርኛ መማሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ ያነበቡትን ትረካ ይውሰዱ፤ መቼቱን፣ ገጸ ባሕርያቱን፣ ጭብጡን በእንግሊዝኛ ያስሠሩ። እንግሊዝኛ የሚማረው ስለ እንግሊዝ አገር በማውራት ብቻ ነው ያለ የለም።

ደረጃ 6፦ ልጆቹ ፈተና አውጪ ሲሆኑ

ክልላዊው ፈተና ቾይዝ ነው። ስለዚህ በአሥረኛው ፔሬድ ፈተናውን ልጆቹ ያውጡት። እያንዳንዱ ቡድን አራት ጥያቄ ይሠራል፤ ሁለት ግራመር፣ አንድ ዘይቤ፣ አንድ ከልብ ወለዱ። ለየጥያቄው አራት አማራጭ ያስፈልጋል። ትክክለኛውን መጻፍ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሦስቱን የሚያሳስቱ ምርጫዎች ማግኘት ነው። ደንቡ፣ አሳሳቹ ምርጫ ከክፍሉ እውነተኛ ስህተት መምጣት አለበት የሚል ነው። የጭረቱን ሉክ ግድግዳው ላይ ይለጥፉላቸው። «ሃቭ ጎን የስተርዴይ» የሚለውን አሳሳች ብላ የጻፈች ልጅ ፈተናው ላይ ስታገኘው ከሩቁ ታውቀዋለች።

ቡድኖቹ ጥያቄ ይለዋወጡ፣ ይሥሩ፣ ይተራረሙ። እርስዎ መልስ አይስጡ፤ ክርክር ሲነሳ ብቻ ጠጋ ይበሉ።

አንድ ዓመት በዚህች የመጨረሻ ቀን ማለዳ ወፉን ከፍቼ ስፈትሽ ብዙ ወረቀት አልነበረም። የሚበዛው ስለ «ሃቭ» ነው። አንዷ ቁራጭ ግን በእርሳስ፣ በደቃቃ ጽሕፈት የተጻፈች ነበረች። ትናንት ብላክቦርዱ ላይ የሰጠሁትን የቡድን ሥራ መመሪያ ጠቅሳ፣ በ«ዲስከስ» ላይ «አባውት» አይገባም ትላለች፤ ከሥሯም «በአማርኛ ስለምንወያይ ነው» የሚል ተጨምሮበታል።

ቀና ስል ስልሳ ልጅ ጸጥ ብሎ ያየኛል። ዓረፍተ ነገሩ አልጠፋም ነበር፤ በጽዳት ተራ ላይ የነበሩት አላጠፉትም። ሄጄ «አባውት»ን በመዳፌ ጠረግኳት።